ዕጣና ሚዛን፦ ስለ ሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች ሙከራና ስለ ዕለታዊው የሐኪም ሥራ የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ስለ ሕክምና ሙከራዎችና ስለ ዕለታዊው የሐኪም ሥራ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ አስቀድሞ ወደ ልቡናዬ የመጣው፣ ከብዙ ዓመት በፊት ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል ውስጥ ያየሁት የአንዲት ልጃገረድ ካርድ ነው። ልጅቱ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ስትሆን፣ መድኃኒቱን የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ለወራት ስትታከም ቆይታ ነበርና፣ በየቀኑ የተወጋችው የካናማይሲን መርፌ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አንድም ሳይጓደል በሰማያዊ ቀለም በካርዱ ላይ ተመልክቷል፤ የአክታዋ ምርመራ በየወሩ ተጽፏል፤ የደረቷ ራጅም በየጊዜው ተነሥቶ ተያይዟል። ከበስተኋላዋ ቆሜ «እንደምን አደርሽ፣ እኅቴ?» ብዬ ብጠይቃት ግን አልዞረችም። ደግሜ ጠራኋት፤ አሁንም አልዞረችም። ዞሬ በፊቷ ስቆምና ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ስታይ ፈገግ ብላ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ ዶክተር» አለችኝ። ሳንባዋ ድኗል፤ ጆሮዋ ግን ጠፍቷል። ያን ካርድ ከዳር እስከ ዳር አገላብጬ ባየው «ትሰማለችን?» ብሎ የጠየቀ አንድም እጅ አላገኘሁበትም፤ በካርዱ ላይ ከጻፉትም እጆች አንዱ የእኔ ነበረ።

የዛሬው ንግግሬ ከዚያ ካርድ የተነሣ ነው። በዘመናችን አንድ የሕክምና ሙከራ ተፈጽሞ ውጤቱ በሊቃውንት መጽሔት በታተመ በጥቂት ወራት ውስጥ ወሬው በየአገሩ ይዳረሳል፤ ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚዳረሰው የመድኃኒቱ ስምና የሚወሰድበት የወራት ቁጥር ሲሆን፣ በሙከራው ጊዜ ሕሙማኑን ደግፎ ያቆማቸው ጥንቃቄ፣ ይኸውም በቀጠሮው ቀን ያልመጣውን ከቤቱ ድረስ ሄዶ መፈለግ፣ ጆሮንና ዓይንን መመርመር፣ ክብደትን መመዘን፣ የልብን ምት መከታተል፣ ከመድኃኒቱ ተለይቶ በመንገድ ይቀራል። እኔ ስመለከተው፣ መድኃኒቱን ተቀብሎ ጥንቃቄውን የተወ ሐኪም የሙከራውን ውጤት ተቀበለ ሊባል አይገባውም። ይህን ለማስረዳት ብዙ በሽታዎችን መጥራት አያሻኝም፤ ከሰባ አምስት ዓመት የሚበልጥ የሙከራ ታሪክ ያለውና የእኛም አገር ሕሙማን የተካፈሉበት የሳንባ ነቀርሳ ብቻውን ይበቃል። ዘመኑን የምቆጥረው ሙከራዎቹ በተጻፉበት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አድማጮቼ እንዲያስቡልኝ እለምናለሁ።

የሳንባ ነቀርሳ አንዳንድ ጊዜ ያለ መድኃኒትም ጋብ የሚል፣ ጋብ ካለም በኋላ የሚያገረሽ በሽታ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ለሕመምተኛው አንድ ነገር ሰጥቶት ቢሻለው፣ ያሻለው ያ የሰጠው ነገር ይሁን፣ ወይም በሽታው በራሱ ጊዜ ያረፈ ይሁን፣ ወይም ሕመምተኛው በዚያ ወራት ያገኘው ምግብና ዕረፍት ይሁን፣ ከአንድ ሰው ታሪክ ተነሥቶ ለይቶ ለማወቅ አይቻለውም። ከዚህ የተነሣ በ1920ዎቹ ዓመታት ሳኖክሪሲን የሚባል የወርቅ ጨው በመርፌ መስጠት በብዙ አገር እንደ ታላቅ ፈውስ ተቆጥሮ ነበር። ዲትሮይት በተባለችው የአሜሪካ ከተማ የነበሩት ዶክተር አምበርሰንና ባልደረቦቻቸው ግን 24 ሕሙማንን በተቻለ መጠን በሚመሳሰሉ ሁለት ወገኖች ከፍለው፣ የትኛው ወገን ወርቁን እንዲያገኝ ሳንቲም በመወርወር ከወሰኑ በኋላ፣ በ1931 ባሳተሙት ጽሑፍ ወርቁ ሕሙማኑን እንዳልፈወሰ፣ ይልቁንም እንደጎዳቸው አስታወቁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ወርቁን ሲሰጡ የኖሩት ሐኪሞች ክፉዎች ወይም ሰነፎች አልነበሩም፤ የሚያነጻጽሩበት ሚዛን አልነበራቸውም።

ሚዛኑን ትክክል የሚያደርገው ዕጣ ነው። ዕቁብ የገባ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የዕቁቡ ዳኛ ምንም ያህል እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ቢሆን ብሩን በራሱ ፈቃድ ለዚህኛው ይድረስ፣ ለዚያኛው ይቆይ ቢል ቅሬታ አይቀርም፤ ዕጣው በሁሉ ፊት ተጠቅልሎ ሲወጣ ግን ያልደረሰውም ሰው ረክቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሐዋርያትም በይሁዳ ፈንታ የሚቆመውን ሲመርጡ በዮሴፍና በማትያስ መካከል ዕጣ መጣላቸውን መጽሐፍ ይነግረናል። ሐኪምም ሰው ነውና በምርጫው ቢተዉት ይድናል ብሎ ተስፋ ለሚያደርግበት፣ ወይም እጅግ ለሚያሳዝነው ሕመምተኛ አዲሱን መድኃኒት ያደላል፤ ይህንም የሚያደርገው ከርኅራኄ የተነሣ ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ የሁለቱን ወገኖች ውጤት ማስተያየት አንዱን በቁና ሌላውን በእንቅብ ሰፍሮ የትኛው በለጠ እንደ ማለት ይሆናል።

ይህ ሥርዓት በሙሉ ጥንቃቄ የተፈጸመበት የመጀመሪያው ታላቅ ሙከራ የስትሬፕቶማይሲን ነው። ስትሬፕቶማይሲን በ1943 በአሜሪካ፣ ፕሮፌሰር ሴልማን ዋክስማን በሚመሩት የሩትገርስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ወጣቱ አልበርት ሻትስ ከአፈር ለይቶ ካወጣው ረቂቅ ሕዋስ የተገኘ መድኃኒት ነው። ብሪታንያ ከጦርነቱ ገና በወጣችበት በዚያ ዘመን ለሕሙማኗ ሁሉ የሚበቃ መድኃኒት ለመግዛት አቅም አልነበራትምና፣ ጥቂቱ ለማን ይሰጣል የሚለው ጥያቄ በዕጣ ቢፈታ ከማናቸውም መንገድ ይልቅ ለፍትሕ የቀረበ እንደሚሆን አማካሪዎቹ ተስማሙ። ሥርዓቱን ያወጡት የአኃዝ ሊቁ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ናቸው፤ እሳቸው ራሳቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በወጣትነታቸው በዚሁ በሽታ ታመው ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ የዋሉ ሰው ነበሩ። ከ107 ሕሙማን 55ቱ መድኃኒቱን ከአልጋ ዕረፍት ጋር፣ 52ቱ በዚያ ዘመን የተለመደውን የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ፤ የዕጣው ወረቀት በታሸገ ፖስታ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ነበር ሐኪሙ ሕመምተኛውን ከመቀበሉ በፊት ለየትኛው ወገን እንደሚደርስ አያውቅም፤ ራጁን የሚያነቡትም ባለሞያዎች የየትኛው ወገን ራጅ እንደ ሆነ ሳያውቁ ያነቡ ነበር። በስድስተኛው ወር ፍጻሜ መድኃኒቱን ካገኙት 4 ሰዎች፣ ካላገኙት ደግሞ 14 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ ይህም በ1948 ታትሞ ለዓለም ተገለጠ።

ታሪኩ በዚህ ቢፈጸም ኖሮ ደስ የሚያሰኝ ይሆን ነበር። እነዚያ ሊቃውንት ግን ሕሙማኑን አልለቀቋቸውም፤ ዓመት ጠብቀው፣ ሌላም ዓመት ጠብቀው በአምስተኛው ዓመት ቢቆጥሩ ስትሬፕቶማይሲን ካገኙት 55 ሰዎች 32ቱ፣ ካላገኙት 52 ሰዎች 35ቱ ሞተው ነበር። የስድስቱ ወር ታላቅ ልዩነት እንደ ጤዛ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ ምክንያቱም የበሽታው ተሐዋስያን ብቻውን የሚሰጠውን መድኃኒት በጥቂት ወራት ውስጥ ስለ ተላመዱት ነው። ፓስ የሚባል ሁለተኛ መድኃኒት አብሮ ቢሰጥ መላመዱን እንደሚከለክል የታወቀው ከስትሬፕቶማይሲኑ ሙከራ ቀጥሎ በተደረገ ሌላ ሙከራ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ እስከ ዛሬ ድረስ መድኃኒቱን በአንድነት ሦስት አራት ዓይነት አድርጎ የሚወስደው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሳሉ የተወው ሕመምተኛ በሁለተኛው ወር «ዳንሁ» ብሎ ሲያቋርጥ ሐኪሙ የሚቆጣውም፣ የእነዚያን የ32ቱን ሰዎች ሞት በልቡ ይዞ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የሕንድ ነው፤ እኔም ከሙከራዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንኑ ነው። በአውሮፓ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ የሚታከመው ሳናቶሪየም በሚባለው፣ ከከተማ ርቆ ንጹሕ አየር ባለበት ስፍራ በተሠራ ሆስፒታል ውስጥ ለብዙ ወራት ተኝቶ፣ በሚገባ እየበላና እያረፈ ነበር፤ ሕንድ ግን ሕሙማኗ አእላፋት ሲሆኑ አልጋዎቿ ጥቂቶች ስለ ነበሩ፣ ይህ ሥርዓት ለድሃ አገር የማይደረስበት ምኞት ነበር። ስለዚህ ዛሬ ቼናይ በምትባለው በማድራስ ከተማ በ1956 ማዕከል ተቋቁሞ፣ ዶክተር ዋላስ ፎክስ የመሯቸው ባለሞያዎች የከተማውን ድሆች በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ አንዱ ወገን በሳናቶሪየም ተኝቶ፣ ሌላው በዚያው በጠባብ ጎጆው ከቤተ ሰቡ ጋር እየኖረ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት መድኃኒት ለአንድ ዓመት እንዲወስዱ አደረጉ። በቤታቸው የታከሙት የሚበሉት ያነሰ፣ የሚደክሙት የበዛ፣ የሚተኙበትም የተጣበበ ሆኖ ሳለ፣ በዓመቱ ፍጻሜ ፈውሳቸው በሳናቶሪየም ከታከሙት እምብዛም የሚለይ አልሆነም፤ አብረዋቸው የኖሩት ልጆችና ዘመዶችም ከሌላው ወገን ቤተ ሰቦች የበለጠ አልታመሙም። ውጤቱ በ1959 ሲታተም በብዙ አገር የሳናቶሪየም ዘመን ማብቂያ ሆነ፤ ድሃውም ሥራውንና ልጆቹን ሳይተው የሚድንበት በር ተከፈተ።

ከዚህ ሙከራ ዓለም የተማረው «ሕመምተኛው በቤቱ ቢታከም ይድናል» የሚለውን ነው። ጽሑፉን በጥሞና ያነበበ ሰው ግን ሌላም ነገር ያገኝበታል፤ የማዕከሉ ሠራተኞች ሳይጠበቁ ወደ ሕሙማኑ ቤት እየሄዱ የቀሩትን ክኒኖች ይቆጥሩ ነበር፤ መድኃኒቱ መዋጡን ለማወቅ ሽንት ይመረምሩ ነበር፤ የቀረውን ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ በማድራስ የዳነው ሰው በቤቱ የተተወ ሰው አልነበረም፤ ጠያቂ ያለው ሰው ነበረ። ብዙ አገሮች አልጋውን ለማስቀረት የፈጠኑትን ያህል ጠያቂውን ለማቆም አልፈጠኑም፤ በዚህም ምክንያት የተቋረጠ ሕክምና በዛ፤ ከተቋረጠ ሕክምናም መድኃኒት የተላመደ በሽታ ተወለደ።

ከ1970 ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በዛምቢያ የተደረጉት ሙከራዎች፣ ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሲጨመር በዚያ ዘመን የተለመደው የ18 ወር ሕክምና በስድስት ወር ሊፈጸም እንደሚችል አሳዩ። በ2022 የታተመው ሻይን የተባለ ሙከራ ደግሞ፣ በሽታው ያልጸናባቸው ልጆች በአራት ወር ሕክምና ልክ እንደ ስድስቱ ወር እንደሚድኑ ከ1,204 ልጆች ታሪክ አስረድቷል። በእነዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ መድኃኒቱን ወደ ተላመደው በሽታ፣ ወደዚያችም ልጃገረድ ልመለስ።

በአገራችን የዚህ በሽታ ሕክምና በ2009 በእንጦጦ አቀበት ላይ በሚገኘው በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ተጀመረ፤ ቀጥሎም ጎንደር ላይ ተደረገ። በዚያ ጊዜ ሕክምናው 20 ወር ያህል የሚፈጅ፣ ለብዙ ወራት በየቀኑ መርፌ የሚወጉበት፣ በየቀኑ እፍኝ የሚሞላ ክኒን የሚዋጥበት ነበር፤ በዓለም ሁሉ ቢቆጠርም ከጀመሩት ሕሙማን በድል የሚፈጽሙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከባንግላዴሽ ግን የምሥራች ተሰማ፤ በዚያ የነበሩ ሐኪሞች ዘጠኝ ወር ያህል በሚወስድ አዲስ ቅንብር ካከሟቸው 206 ሕሙማን ከመቶ 87.9 ያህሉ ሳያገረሽባቸው እንደ ዳኑ በ2010 ጻፉ። ብዙዎች ወዲያውኑ ይህን እንያዝ አሉ። ነገር ግን ያ ውጤት በዕጣ ከተከፈለ ሌላ ወገን ጋር ያልተነጻጸረ ስለ ነበር፣ ስትሪም የተባለው ሙከራ በ2012 ተጀመረ፤ ሕሙማኑም ከኢትዮጵያ፣ ከሞንጎሊያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከቬትናም የተውጣጡ 424 ሰዎች ነበሩ። ከእኛ አገር የተካፈሉት የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሲሆኑ፣ ዛሬ በመላው ዓለም ያለ ሐኪም የሚጠቅሰው ቁጥር ውስጥ የአዲስ አበባ ሕሙማን ሳልና ትዕግሥት እንደሚገኝበት ስናስብ ልናመሰግናቸው ይገባል።

ውጤቱ በ2019 ሲገለጥ አጭሩ ሕክምና ከመቶ 78.8፣ ረጅሙም ከመቶ 79.8 አዳነ። የሙከራው ጥያቄ አጭሩ ይበልጣልን የሚል አልነበረም፤ ጥያቄው አጭሩ ከረጅሙ በመቶ ከ10 ነጥብ በላይ እንደማያንስ ለማረጋገጥ ነበርና፣ አጭሩ ፈተናውን አለፈ ተብሎ ተወሰነ። እኔን ግን ያስደነቀኝ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ያ ረጅም፣ አድካሚና ሁሉ ያማረረው የ20 ወር ሕክምና፣ በዓለም ግማሹን ብቻ ሲያድን የነበረው፣ በሙከራው ውስጥ ሲገባ ከመቶ 80 ያህሉን እንዴት አዳነ? መድኃኒቱ አልተለወጠም። ለሙከራው የሚመረጡት ሕሙማን እጅግ ካልደከሙት ወገን መሆናቸው ጥቂት ረድቶት ይሆናል፤ ከዚህ ይልቅ የሚበልጠው ምክንያት ግን ሕመምተኛው በቀጠሮው ቀን ሲቀር የሚደነግጥለት ሰው መገኘቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህንንም የምለው በድፍረት ሳይሆን ማስረጃ ስላለኝ ነው፤ በቅዱስ ጴጥሮስና በጎንደር ከ2009 ጀምሮ በዚያው በረጅሙ ሕክምና ከታከሙት ከ600 የሚበልጡ ሕሙማን መካከል፣ ውጤታቸው ከታወቀው ከመቶ 78 የሚበልጡት ሕክምናቸውን በድል እንደ ፈጸሙ በ2015 ታትሟል። በዚያ ዕጣም ሙከራም አልነበረም፤ በየወሩ የሚታደል ቀለብ፣ የመጓጓዣ ገንዘብና ወደ ቤት እየሄደ የሚጠይቅ ሰው ግን ነበር። ከሀብታም አገር የመጣ መሣሪያ ሳይጨመር፣ የሙከራው ጥንቃቄ ወደ ዕለታዊው ሥራ ሊገባ እንደሚችል ወገኖቻችን ራሳቸው አሳይተውናል።

ይሁን እንጂ አጭሩም ሕክምና ቢሆን ካናማይሲንን በውስጡ የያዘ ነበር፤ ካናማይሲን ደግሞ በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን፣ ድምፅን ተቀብለው ወደ አእምሮ የሚያስተላልፉትን ረቂቅ ሕዋሳት ይገድላል፤ የሞቱትም ተመልሰው አይበቅሉም። አስቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ የወፍ ጩኸት፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የጸናጽል ቃና፤ ወደ ተራው ንግግር የሚደርሰው ቆይቶ ስለሆነ፣ በመሣሪያ ካልተለካ በስተቀር ሐኪሙ ሲያውቀው ጊዜው አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት ካናማይሲንን ከሚመከሩት መድኃኒቶች መካከል ያወጣው በ2018 ነው። በስትሪም ሁለተኛ ክፍል፣ ዳግመኛ ኢትዮጵያ ከሌሎች ስድስት አገሮች ጋር በተካፈለችበት ሙከራ፣ ቤዳኪሊን በሚባለው ክኒን መርፌውን የተካው ሕክምና ከመቶ 83 ያህሉን ሲያድን፣ መርፌ ያለበት ከመቶ 71 ያህሉን አዳነ፤ ከባድ የመስማት ጉዳት የደረሰባቸውም በክኒኑ ወገን ከመቶ 2፣ በመርፌው ወገን ከመቶ 9 ሆኑ። ይህ በ2022 ታተመ። እኔ ከመቶ ዘጠኙ የሚለውን ቃል ባነበብሁ ቁጥር የማስበው ያችን አንዲት ልጃገረድ ነው።

በዚያው ዓመት ከዚህም የበለጠ ነገር ተሰማ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በቤላሩስ፣ በኡዝቤኪስታንና በደቡብ አፍሪካ ባደረገው ፕራክቴካል በተባለው ሙከራ፣ ቤዳኪሊን፣ ፕሬቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን በአንድነት ለ24 ሳምንታት ሲሰጡ፣ ያልተሳካላቸው ሕሙማን ከመቶ 11 ብቻ ሲሆኑ፣ በተለመደው ሕክምና ግን ከመቶ 48 ሆኑ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚሁ ዓመት ይህን የስድስት ወር ሕክምና እንዲሠራበት መከረ። እዚህ ላይ አንባቢ ሁሉ ሊያስተውል የሚገባው ነገር አለ። ከመቶ 48 ያልተሳካላቸው ሲባል 48ቱ ሞቱ ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ መድኃኒቱን መቋቋም አቅቷቸው ሕክምናቸው የተቋረጠ ወይም የተለወጠ ነበሩ። ቁጥሩን ብቻ አንሥቶ የሚሮጥ ሰው አዲሱ መድኃኒት ሞትን በዚያን ያህል ቀነሰ ብሎ ሕዝብን ሊያሳስት ይችላል፤ የአዲሱ ሕክምና እውነተኛ ብልጫ ግን ሰው ሊሸከመው የሚችል ቀንበር መሆኑ ነው፤ ይህም በራሱ ታላቅ ነገር ነው።

ቀንበሩ ቀለለ እንጂ ፈጽሞ አልወረደም። ከአራቱ መድኃኒቶች ሊኔዞሊድ የተባለው ደምን የሚያሳንስ፣ የእግርንም ነርቮች የሚጎዳ ነው። ኒክስ በተባለው በደቡብ አፍሪካ በተደረገ ሙከራ በቀን 1,200 ሚሊግራም ሲሰጥ ከ109 ሕሙማን ከመቶ 90 ያህሉ ቢድኑም፣ ከመቶ 81 ያህሉ የነርቭ ሕመም አግኝቷቸዋል። ቀጥሎ የተደረገው ዜኒክስ የተባለው ሙከራ መጠኑን በግማሽ ወደ 600 ሲቀንሰው የዳኑት ከመቶ 91 ሆኑ፤ የነርቭ ሕመም ያገኛቸውም ከመቶ 24 ብቻ ሆኑ። ፈውሱ ሳይጓደል ሥቃዩ ሊቀነስ መቻሉን ያስተማረን ዕጣ ነው፤ ያለ ሙከራው ብዙ መድኃኒት ብዙ ይፈውሳል የሚለው አሳብ እስከ ዛሬ በገዛን ነበር።

በሊኔዞሊድ ይታከሙ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ ኑሯቸው በቀን ሥራ የሆነ ሰው፣ ክኒናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ጫማቸውን አውልቀው ባዶ እግራቸውን በቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አሳርፈው ሲቀመጡ አየኋቸው። «ጋሼ፣ እግርዎን ምን ሆኑ?» ብላቸው አቀርቅረው ዝም አሉ፤ ደጋግሜ ብጠይቃቸው «ሌሊት እንደ ፍም ያቃጥለኛል፤ ከብርድ ልብሱ አውጥቼ መሬት ላይ ካላሳረፍሁት እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉኝ። «ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገሩንም?» ስላቸው የመለሱልኝ መልስ ከልቤ አይጠፋም፤ «መድኃኒቱን ትከለክሉኛላችሁ ብዬ ፈርቼ ነው» አሉ። መጠኑ ተቀነሰላቸው፤ ማቃጠሉም ቀስ በቀስ በረደ። በሙከራው ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ በየወሩ እግራቸው ይነካ፣ ይመረመር፣ ይጻፍ ነበርና ፍርሃታቸው ሊደብቀው ባልቻለም ነበር።

ስለ ምግብ ሳልናገር ባልፍ ግን ከሁሉ የቀረበውን ነገር መተው ይሆንብኛል። በሕንድ በጃርካንድ ክፍለ አገር ራሽንስ የተባለ ሙከራ ተደርጎ በ2023 ታትሟል። ሕሙማኑ 2,800 ሲሆኑ ሁሉም ቀለብ ይሰጣቸው ነበር፤ በዕጣ የተለዩት አብረዋቸው የሚኖሩት ከ10,000 የሚበልጡ ቤተ ሰቦች ናቸው፤ የአንዱ ወገን ቤተ ሰብ በነፍስ ወከፍ በየወሩ 5 ኪሎ ሩዝና 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ ከቫይታሚን ክኒን ጋር ሲያገኝ፣ የሌላው ወገን አላገኘም። ቀለብ ባገኙት ቤቶች አዲስ የሚታመመው ሰው ከሌላው በመቶ 39 ያህል አነሰ። ከሕሙማኑም መካከል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ክብደታቸው የጨመረው የመሞታቸው ዕድል እጅግ ቀነሰ። አስተውሉ፤ ይህን ያደረገው ሩዝና ጥራጥሬ ነው፤ በእኛ አገር ቋንቋ ሽሮና ምስር፣ በሶና ቅንጬ ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት በየጤና ጣቢያው በር አጠገብ ቆሞ አቧራ የለበሰው ሚዛን፣ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው መድኃኒት ያላነሰ መሣሪያ ነው እላለሁ። በሁለተኛው ወር ክብደቱ ያልጨመረ ሕመምተኛ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ምን ይበላል? ከማን ጋር ይበላል? የሚጾም ከሆነስ? ቤተ ክርስቲያን ሕሙምን በጾም እንዲጨነቅ አታስገድድም፤ የእስልምናም ሃይማኖት ለታመመ ሰው ረመዳንን የማስተላለፍ ፈቃድ ሰጥቶታል። ነገር ግን ብዙ ሕመምተኛ ሐኪሙ ቢነግረው አይሰማም፤ የነፍስ አባቱ ወይም ሼኹ ቢነግሩት ይሰማል። ስለዚህ በዚህ ጉባኤ ያላችሁ ካህናትና መምህራን ሆይ፣ ከሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ጋር ስትነጋገሩ እንቁላልና ወተት እንዲቀምስ የምትሰጡት ፈቃድ ከሕክምናው የተለየ ነገር አለመሆኑን እንድታውቁልኝ እለምናለሁ።

ለእናንተም በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ ለምትሠሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ የምለው አለኝ። የምትሠሩት ሥራ ብዙ፣ ደመወዛችሁ ጥቂት፣ ወረፋውም ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም የጆሮን፣ የእግርንና የክብደትን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚፈጀው ጊዜ ክኒን ቆጥሮ ለማስረከብ ከሚፈጀው አይበልጥም። ሕመምተኛውን አንድ ጊዜ ከበስተኋላው ጥሩት። ጫማውን እንዲያወልቅ ጠይቁት። ሚዛኑ ላይ አቁሙትና ያለፈውን ወር ቁጥር ከዛሬው ጋር አስተያዩት። ያገኛችሁትንም በካርዱ ላይ ጻፉት፤ ያልተጻፈውን ተረኛው ሠራተኛ አያገኘውምና።

ሕመምተኛ በቤታችሁ ላላችሁ ደግሞ፤ እግሩ ሲያቃጥለው፣ ጆሮው ሲጮኽበት፣ ዓይኑ ሲደበዝዝበት ሸሽጎ እንዳይቀመጥ አብራችሁት ሂዱና በእሱ ፈንታ ተናገሩ። መድኃኒቱ ይለወጥለታል ወይም መጠኑ ይቀነስለታል፤ አይከለከልም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት ሰውም በቤታችሁ ቢኖር ነገ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አክታውን አስመርምሩ፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይሰጣል።